ስለ ፅንስ በአይሁድ ሕግ፤ ቅጣት የሌለው ሁሉ የተፈቀደ አይደለም

የሕግን ትርጓሜ በምንማርበት ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች እየተደባለቁ ያስቸግሩናል። የመጀመሪያው፥ «ሕጉ በዚህ ሥራ ላይ ምን ቅጣት ደንግጓል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ «ይህ ሥራ በእግዚአብሔር ፊትና በኅሊና ዘንድ መልካም ነውን?» የሚለው ነው። ሁለቱ የተዛመዱ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ለመረዳት ከሚጠቅሙት ምሳሌዎች አንዱ፥ የአይሁድ ሊቃውንት ከኦሪት አንሥተው ፅንስን ስለ ማስወረድ ያስተማሩት ትምህርት ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁለት አባባሎች ሲነገሩ ይሰማል። አንዳንዶች፥ «አይሁድ ፅንስን እንደ ሰው ስለማይቈጥሩ ማስወረድን ይፈቅዳሉ» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፥ «ኦሪት አትግደል ስለሚል ነገሩ ያለቀለት ነው፤ የሚመረመር ነገር የለውም» ይላሉ። ሁለቱም አባባሎች ከመጽሐፉ ጋር ሲተያዩ ጐደሎ ሆነው ይገኛሉ።

ነገሩ በጉባኤ ቤት ብቻ የሚቀር ክርክር አይደለም። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች፥ ከእነዚህም መካከል ወደ ኳታር ዋና ከተማ ወደ ዶሐና በዙሪያዋ ወዳሉት ሠፈሮች ይሄዳሉ። በዚያ ያለች አንዲት እኅት በጭንቅ ጊዜ ካህን ብትጠይቅ፥ መልሱ የሕይወት ወይም የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለአገልግሎት የሚዘጋጅ ተማሪ፥ ሕግ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የሀገራችን አቆጣጠር «ዓ.ም.»፥ የአውሮፓውያን ደግሞ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ተለይቷል።

፩. አንድ ቃል፥ ሁለት ንባብ

በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ከቍጥር 22 ጀምሮ አንድ ፍርድ ተጽፏል። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ያረገዘችን ሴት ቢገፏትና ፅንሷ ቢወጣ፥ ፍርዱ ምን ይሁን? የዕብራይስጡ ንባብ ነገሩን በሁለት ይከፍለዋል። ጉዳት ካልደረሰ በዳዩ ባልዋ የጠየቀውን ካሳ በዳኞች ፊት ይከፍላል፤ ጉዳት ከደረሰ ግን ነፍስ ስለ ነፍስ ይሆናል። የአይሁድ ሊቃውንት፥ ጉዳት የተባለው በእናቲቱ ላይ የሚደርሰው ነው ብለው ተረጐሙ። በዚህ ትርጓሜ መሠረት ፅንሱ ቢጠፋ ካሳ ይከፈላል፤ እናቲቱ ብትሞት ግን የነፍስ ፍርድ ይቆማል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኦሪት በእስክንድርያ ወደ ግሪክ ቋንቋ ሲመለስ፥ ይህ ቃል በሌላ መንገድ ተነበበ። የሰብዓ ሊቃናት በሚባለው በዚህ ትርጉም ፍርዱን የሚለየው የእናቲቱ መጐዳትና አለመጐዳት አይደለም፤ የወጣው ፅንስ መልኩ የተሣለ መሆኑና አለመሆኑ ነው። መልኩ ገና ካልተሣለ ካሳ ይከፈላል፤ የተሣለ ከሆነ ግን ነፍስ ስለ ነፍስ ይፈረዳል። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያ አይሁዳዊ ፈላስፋ ፊሎን ይህንኑ ንባብ ይዞ ሲያስረዳ፥ መልኩ የተሣለውን ፅንስ፥ በቀራፂው ቤት ተሠርቶ ካለቀና ወደ ውጭ መውጣት ብቻ ከቀረው ሐውልት ጋር አመሳስሎታል።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሩቅ አይደለም። የግዕዙ ኦሪት ከግሪኩ የተመለሰ ስለ ሆነ፥ የአባቶቻችን ንባብ ከሰብዓ ሊቃናት ወገን ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዚህ ስፍራ የዕብራይስጡን መንገድ ይከተላል። ሁለቱን መጻሕፍት ጐን ለጐን ዘርግቶ የሚያነብ ተማሪ፥ የሁለት ታላላቅ ትውፊቶች መለያያ በፊቱ ተቀምጦ ያገኛል። ከዕብራይስጡ ንባብ የሊቃነ አይሁድ ሕግ ወጣ፤ በግሪኩ ንባብ ደግሞ ብዙዎቹ የቀድሞ ክርስቲያን መምህራን ተማሩ።

፪. ነፍስና ነፍሰ ጡር

በ200 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ፥ ስለ ምጥ የሚናገር አንድ ከባድ ሥርዓት ይዟል። ሴቲቱ በምጥ ተይዛ ለሞት ብትቀርብ፥ ፅንሱ በማሕፀን ሳለ ተቈራርጦ ይወጣል፤ ምክንያቱም የእርስዋ ሕይወት ይቀድማል። የሕፃኑ የሚበዛው አካል ከወጣ በኋላ ግን አይነካም፤ ስለ አንዲት ነፍስ ሌላይቱን ነፍስ ማጥፋት አይገባምና። በ11ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ የነበረው ታላቁ ተርጓሚ ራሺ ምክንያቱን ሲያብራራ፥ ሕፃኑ ወደዚህ ዓለም አየር እስኪወጣ ድረስ በሕግ ነፍስ ተብሎ አይጠራም አለ።

እዚህ ላይ ቃሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዕብራይስጥ «ኔፌሽ» የሚባለው ከእኛው «ነፍስ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። ይሁን እንጂ በዚህ የሕግ አነጋገር «ነፍስ» ማለት የነፍሰ ገዳይ ፍርድ የሚፈረድለት፥ የራሱ ሰውነት በሕግ ፊት የቆመለት ሰው ማለት ነው። ስለ ረቂቂቱ ነፍስ ባሕርይ የተሰጠ ትምህርት አይደለም። የእኛ ቋንቋ ያረገዘችን ሴት «ነፍሰ ጡር» ብሎ ይጠራታል፤ ከራስዋ ነፍስ ሌላ አደራ መሸከምዋን ስሙ ይመሰክራል። አንድ አማርኛ ተናጋሪ «ፅንሱ ነፍስ አይደለም» የሚለውን የሊቃውንቱን ቃል ሲሰማ የሚደነግጠው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ዳኛው የሚጠቀምበት ቃልና የማኅሌት ወይም የቤት ውስጥ ቃል ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይህን የማይለይ ሰው፥ የአይሁድ ሊቃውንት ፅንስን እንደ ከንቱ ነገር ይቈጥራሉ ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ትክክል አይሆንም።

ትክክል አለመሆኑን የሚያሳየው ሌላው ሥርዓታቸው ነው። ሰንበትን ማክበር በኦሪት ከታላላቆቹ ትእዛዛት አንዱ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ይህም ሆኖ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው የስፔኑ ሊቅ ሙሴ ወልደ ናሕማን፥ ከእርሱ የቀደሙትን የሕግ መጻሕፍት ይዞ፥ ፅንስን ለማዳን የሰንበት ሥርዓት ሊሻር ይገባል ብሎ አስተምሯል። አንድ ቀን ሰንበት ቢታለፍለት፥ ተወልዶ ብዙ ሰንበታትን ይጠብቃልና። በሕግ ፊት ገና «ነፍስ» ያልተባለው ፅንስ፥ ሰንበት የሚሻርለት ክቡር ፍጥረት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

፫. ከቅጣት ነጻ፥ ነገር ግን ክልክል

የአይሁድ ሕግ ከሚጠቀምባቸው ስያሜዎች አንዱ «ከቅጣት ነጻ፥ ነገር ግን ክልክል» የሚለው ነው። አንድን ሥራ የሠራ ሰው በዳኛ ፊት አይቀጣም፤ ሥራውን መሥራት ግን አልተፈቀደለትም። ፅንስን ያለ ምክንያት ማጥፋት በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ በዚህ ክፍል የሚገባ ነው።

ወደዚህ የደረሱበት መንገድ እንዲህ ነው። በታልሙድ ረቢ እስማኤል፥ በኦሪት ዘፍጥረት በ9ኛው ምዕራፍ ለኖኅ ልጆች የተሰጠውን ስለ ደም የሚናገር ትእዛዝ ሲተረጕም፥ በሰው ውስጥ ያለ ሰው የተባለው በእናቱ ማሕፀን ያለው ፅንስ ነው አለ። በዚህም መሠረት የኖኅ ልጅ፥ ማለት እስራኤላዊ ያልሆነ ሰው፥ ፅንስን ቢያጠፋ በሞት ይቀጣል። እስራኤላዊው ግን ቀደም ብለን ባየነው በዘጸአት ፍርድ መሠረት በሞት አይቀጣም። እንግዲህ ለእስራኤል የተፈቀደ፥ ለአሕዛብ ግን የተከለከለ ነገር ሊኖር ነውን? በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ቶሳፎት የተባሉት ተርጓሚዎች፥ «ለአሕዛብ ተከልክሎ ለእስራኤል የሚፈቀድ ነገር የለም» የሚለውን የታልሙድ መሠረተ ሐሳብ አንሥተው፥ እስራኤላዊው ባይቀጣም ሥራው ለእርሱም ክልክል ነው ብለው ደመደሙ።

ይህ ሁለት ወገን ያለው አነጋገር ከእነርሱም አስቀድሞ ይታይ ነበር። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍ፥ በአንድ መጽሐፉ ያረገዘችን ሴት መትቶ ያስወረደ ሰው ገንዘብ እንደሚከፍል የኦሪትን ፍርድ ይተርካል። በሌላ መጽሐፉ ደግሞ፥ ሕጉ ሴቶች ፅንስን እንዳያስወርዱ እንደሚከለክልና ይህን ያደረገች ሴት ልጅዋን እንደ ገደለች እንደምትቈጠር ይናገራል። ላይ ላዩን ሲታይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ስፍራ የተናገረው ስለ ዳኛው ፍርድ ሲሆን፥ በሁለተኛው ስፍራ የተናገረው ሕዝቡ ስለሚኖርበት ግብረ ገብ ነው።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የቅጣቱ ማነስ የበደሉን ማነስ አያረጋግጥም። ሕግ በሚቀጣበት ጊዜ ምስክር፥ ማስረጃና የተለየ ስም ይፈልጋል፤ ግብረ ገብ ግን ማስረጃ በሌለበት በሰው ልብ ውስጥም ይፈርዳል።

፬. የሊቃውንቱ አንድምታ

በአንድምታ ትምህርት ያደግን እኛ፥ ለአንድ ቃል ብዙ ትርጓሜ መስማትን ለምደናል። የአይሁድ ሊቃውንትም በአንዱ ሥርዓት ላይ ብዙ መንገድ አላቸው።

ሙሴ ወልደ ማይሞን፥ በአውሮፓውያን ስም ማይሞኒደስ የሚባለው፥ በ1204 እ.ኤ.አ. በግብፅ ያረፈው ሊቅ፥ ለሚሽናው ሥርዓት ሌላ ምክንያት ሰጠ። በምጥ ጊዜ ፅንሱ እናቱን ለመግደል እንደሚያሳድዳት ሰው ስለ ሆነ፥ እርስዋን ለማዳን ይወሰዳል አለ። ይህን ቃል የተከተሉት ጥብቆቹ ሊቃውንት እንዲህ ብለው አሰቡ፤ ፅንሱ ሊጠፋ የሚቻለው አሳዳጅ በሆነ ጊዜ ብቻ ከሆነ፥ አሳዳጅ ባልሆነ ጊዜ ማጥፋቱ ለነፍስ ግድያ የቀረበ ነው። የራሺን ቃል የተከተሉት ደግሞ፥ ፅንሱ በሕግ ነፍስ ስላልሆነ ክልከላው ከነፍስ ግድያ የሚያንስ ነው፤ ስለዚህ ለታላቅ ችግር ሊታለፍ ይችላል አሉ። በጀርመን አገር የነበረው ያዕቆብ ኤምደን በ18ኛው መቶ ዓመት፥ እናቲቱ ለሞት ባትደርስም በታላቅ ሥቃይ ላይ ብትሆን ሊፈቀድ እንደሚችል ጽፏል።

ክርክሩ በእኛ ዘመን እንደገና ተነሣ። ቴይ-ሳክስ የሚባል በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ አለ፤ በዚህ በሽታ የተያዘ ሕፃን ብዙ ጊዜ 5 ዓመት ሳይሞላው ከብዙ ሥቃይ በኋላ ይሞታል። ሐኪሞች በሽታውን በእርግዝና ጊዜ መለየት ሲጀምሩ፥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢየሩሳሌሙ ረቢ ኤልያዕዘር ዋልደንበርግ፥ ለእናቲቱ ሥቃይ በማሰብ እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ ማስወረድ ሊፈቀድ ይችላል ብሎ ፈረደ። የኒው ዮርኩ ረቢ ሙሴ ፋይንስታይን ግን ነገሩ ግድያ ነው ብሎ አጥብቆ ከለከለ። ሁለቱም በሕዝባቸው ዘንድ የተከበሩ፥ ሁለቱም አንድ መጽሐፍ የሚያነቡ ነበሩ።

በሁሉም መካከል የማይናወጥ አንድ ነገር አለ። እናቲቱ በፅንሱ ምክንያት ለሞት በቀረበች ጊዜ፥ እርስዋን ማዳን ሕጉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያልፈው ነገር አይደለም፤ ራሱ ሕጉ የሚያዘው ነው። በጥብቆቹም ሆነ በለዘብተኞቹ ዘንድ፥ «ሁለቱም ይሙቱ፥ እኛ እጃችንን አናስገባ» የሚል መልስ የለም።

፭. የቤተ እስራኤል ነገር

በሀገራችን በስሜን፥ በደንቢያ፥ በወገራና በሌሎችም ስፍራዎች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል፥ ለዚህ ጥናት የተለየ ምስክር ናቸው። እነርሱ ኦሪትን የጠበቁት በግዕዝ ነው፤ ሚሽናና ታልሙድ ከውጭ አይሁድ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት በእጃቸው አልነበሩም። በመካከላቸው ቀሳውስት ብቻ ሳይሆኑ መነኮሳትም ነበሩ፤ የምንኵስናቸው መሥራች አባ ሰብራ በ15ኛው መቶ ዓመት እንደ ነበሩ ይተረካል።

እንግዲህ ቤተ እስራኤል የዘጸአትን ፍርድ ያነበቡት እኛ ባነበብንበት በግዕዙ መጽሐፍ ነው። መጽሐፈ ሄኖክንና መጽሐፈ ኩፋሌንም ከእኛ ጋር ይጋራሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ መሆኑ በዓለም የታወቀ ነው። በዚህ መጽሐፍ፥ የወደቁት መላእክት ለሰው ልጆች ያስተማሩት ክፉ ጥበብ ሲዘረዘር፥ በማሕፀን ያለውን ፅንስ መትቶ ማውረድ ከክፋቶቹ አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል። መጽሐፉ ስለ ካሳና ስለ ቅጣት አይናገርም፤ ሥራውን ከየት እንደ መጣ በመንገር ብቻ ይፈርድበታል። በአይሁድ ወገን በጥንት የተጻፈው፥ በኢትዮጵያ የተጠበቀው ይህ ቃል፥ ዳኛ ከሚናገረው ሌላ የግብረ ገብ ድምፅ ከጥንት ጀምሮ እንደ ነበረ ያስረዳል።

በ1973 እ.ኤ.አ. የእስራኤል የሴፋርዲም ዋና ረቢ የነበሩት ዖባድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤልን እንደ አይሁድ ተቀበሏቸው። ከዚያም ከ1984 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል በተደረገው፥ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በተደረገው ጉዞ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በሁለተኛው ጉዞ ብቻ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ተጓጉዘዋል። በዚያም ሦስት ሕግ በአንድ ጊዜ ገጠማቸው። የመጀመሪያው ከአባቶቻቸው የተቀበሉት የግዕዙ ኦሪት ነው። ሁለተኛው የረቢዎቹ ሕግ ነው። ሦስተኛው የመንግሥቱ ሕግ ነው።

የእስራኤል መንግሥት በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፥ ማስወረድ የሚፈልግ ጉዳይ በሦስት ሰዎች ጉባኤ ፊት ይቀርባል፤ ሁለቱ ሐኪሞች፥ አንዱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሲሆኑ፥ ከሦስቱ ቢያንስ አንዷ ሴት መሆን አለባት። የሴቲቱ ዕድሜ፥ ከጋብቻ ውጭ ወይም በግፍ የተገኘ እርግዝና፥ የፅንሱ ጉዳት፥ የእናቲቱ ሕይወትና ጤንነት በምክንያትነት ይታያሉ። ይህ ሕግ ከሊቃውንቱ ሕግ ጋር አንድ አይደለም፤ በአንዳንዱ ይሰፋል፥ በአንዳንዱም ይጠባል። «የአይሁድ አገር ሕግ ይህን ስለ ፈቀደ የአይሁድ ሃይማኖት ፈቅዷል» ማለት፥ መንግሥትን ከምኵራብ ጋር ማምታታት ነው።

፮. የቤተ ክርስቲያን ቀኖና

የእኛም አባቶች በቅጣትና በበደል መካከል ያለውን ልዩነት ያውቁት ነበር። በ314 እ.ኤ.አ. በዕንቆራ የተሰበሰበው ጉባኤ ስለ ማስወረድ ሲወስን፥ ከእርሱ በፊት የነበረው ሥርዓት እስከ ሞት ድረስ ከቍርባን የሚያርቅ መሆኑን አስታውሶ፥ ለሰው በማዘን ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረገው። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ቀኖና፥ ፅንሱ መልኩ ተሥሏል ወይስ አልተሣለም የሚለውን ረቂቅ ምርመራ ትቶ፥ ዐውቆ ማጥፋትን ከግድያ ቈጠረው። በዚሁ ቀኖና ግን፥ ንስሐው እስከ ሞት መሆን የለበትም፤ 10 ዓመት ይሁን፤ ፈውሱም የሚመዘነው በጊዜው ርዝመት ሳይሆን በንስሐው ሁኔታ ነው ብሎ አስተማረ።

ይህን ከአይሁድ ሊቃውንት መንገድ ጋር እናነጻጽረው። እነርሱ የበደሉን ስም ዝቅ አድርገው ክልከላውን ጠበቁ። ባስልዮስ የበደሉን ስም ከፍ አድርጎ ቅጣቱን አለዘበ። መንገዱ የተለያየ ቢሆንም ሁለቱ የሚገናኙበት ስፍራ አለ፤ በሁለቱም ዘንድ የቅጣቱ ልክ የሥራው ልክ አይደለም። ፍትሐ ነገሥታችን መንፈሳዊና ሥጋዊ ተብሎ በሁለት መከፈሉም ይህንኑ ያስታውሰናል።

፯. ጥያቄው በዶሐ

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ ዶሐ እንመለስ። ዶሐ የሕግና የግብረ ገብ ግንኙነት ዕለት ዕለት የሚጠናባት ከተማ ናት። በ2008 እ.ኤ.አ. የሃይማኖቶች መወያያ ዓለም አቀፍ ማእከል ተከፈተባት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእስልምናን ሕግና ግብረ ገብን በአንድነት የሚመረምር ማእከል ተቋቋመባት። ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2022 እ.ኤ.አ. መኖሪያቸውን በዚያች አገር ያደረጉት የግብፅ ተወላጅ ሼክ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ፥ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ሐላልና ሐራም በሚናገረው መጽሐፋቸው ይህን ነገር አንሥተዋል። ፅንሱ ነፍስ ከዘራ በኋላ ማስወረድ ክልክል መሆኑን ከጻፉ በኋላ፥ የእናቲቱ ሞት የተረጋገጠ ከሆነ ግን እርስዋ ሥር፥ ፅንሱ ከእርስዋ የወጣ ስለ ሆነ እርስዋን ማዳን ይገባል የሚለውን የአል-አዝሃሩን የሼክ ማሕሙድ ሸልቱትን ሐሳብ ይዘዋል። የሚሽናው ድምፅ በሌላ ቋንቋ ሲሰማ እንዲህ ነው።

የኳታር ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። እርግዝናው አራት ወር ሳይሞላው፥ ለእናቲቱ ጤንነት የተረጋገጠ ከባድ ጉዳት የሚያመጣ ሲሆን፥ ወይም ፅንሱ በማይድን ከባድ ጉዳት ተይዞ ባልና ሚስት ሲስማሙ፥ በሐኪሞች ጉባኤ ውሳኔ በመንግሥት ሆስፒታል ማስወረድ ይቻላል። አራት ወር የተባለው፥ ፅንስ ነፍስ የሚዘራው በ120 ቀን ነው ከሚለው ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው። ነገር ግን በዚያው አገር በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የወንጀል ሕግ፥ ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነት ወንጀል ነው። ለአንዳንድ የእናትነት ሕክምናም የጋብቻ ማስረጃ እንደሚጠየቅ ሂዩማን ራይትስ ዋች በ2021 እ.ኤ.አ. ዘግቧል። ስለዚህ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ያላገባች ሴት፥ ተደፍራም ቢሆን፥ ወደ ሐኪም መሄድ ራስዋን እንደ መክሰስ ይመስላታል። ፍርሃትዋም በስውር ወደሚሠራ አደገኛ ማስወረድ ሊገፋት ይችላል።

የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551፥ እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፥ የእናቲቱ ወይም የፅንሱ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ፥ ፅንሱ በማይድን ከባድ ጉዳት ሲያዝ፥ እናቲቱም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በልጅነት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን፥ በሕክምና የሚደረገውን ማስወረድ አይቀጣም። ከአዲስ አበባ ወደ ዶሐ የሄደች አንዲት ሴት በአንድ አውሮፕላን ጉዞ ከአንዱ ሕግ ወጥታ ወደ ሌላው ትገባለች። የሥራው ግብረ ገብ ግን በአየር ላይ አልተለወጠም። ሕጉ እዚህ ስለማይቀጣ ሥራው ጽድቅ አልሆነም፤ ሕጉ እዚያ ስለሚቀጣም የተደፈረችው ሴት በእግዚአብሔር ፊት በደለኛ አልሆነችም።

፰. ለአገልጋዩ የሚቀረው

ቤተ ክርስቲያናችን ፅንስን ማጥፋት ኃጢአት መሆኑን ታስተምራለች፤ ይህ ጽሑፍም ያንን ትምህርት ለመለወጥ አልተጻፈም። ነገር ግን የአይሁድ ሊቃውንት በብዙ ዘመን ያካሄዱት ክርክር ለካህኑ ሦስት ነገር ያስተምረዋል።

የመጀመሪያው፥ የንስሐ ልጁ «አባ፥ ሕጉ ይቀጣኛልን?» ብላ ስትጠይቅ፥ ለዚህ ጥያቄ ብቻ መልሶ እንዳያሰናብታት ነው። የጠየቀችው ስለ ወህኒ ቢሆንም የሚያስጨንቃት ሌላ ሊሆን ይችላል። ቅጣት የለም ማለት መልካም ነው ማለት አለመሆኑን፥ ቅጣት አለ ማለትም ምሕረት የለም ማለት አለመሆኑን ሊያስረዳት ይገባል።

ሁለተኛው፥ እናቲቱ ለሞት የቀረበች እንደ ሆነ አንዲት ሰዓት እንዳያባክን ነው። ደም የሚፈስሳት፥ የምጥ ጊዜዋ ያለፈ ወይም ሰውነትዋ የሚንቀጠቀጥ ሴት በካህን እጅ የምትመረመር አይደለችም፤ ወደ ሐኪም ትወሰድ። በዚያን ጊዜ ረጅም ትምህርት መስጠት፥ በሕግ ስም ነፍስን መተው ይሆናል።

ሦስተኛው፥ በደሉን በሴቲቱ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይጭን ነው። የዘጸአት ፍርድ የሚጀምረው ሴቲቱ ካደረገችው ነገር አይደለም፤ እርስ በርሳቸው ከተጣሉና እርስዋን ከገፉ ወንዶች ነው። በዶሐም ሆነ በጎንደር፥ ከብዙ የተጨነቀች ሴት ጀርባ የገፋት ሰው አለ፤ የደፈራት፥ አስረግዟት የካደ፥ ወይም እንድታስወርድ ያስገደዳት። ኦሪት ገፊውን በዳኛ ፊት አቁሞ ካሳ ያስከፍለዋል። ካህኑም የተገፋችውን ብቻ አቁሞ ገፊውን ሳይጠይቅ ቢያልፍ፥ የመጽሐፉን ቃል አንብቦ ፍርዱን አልፈጸመም።